ዶሮ የበላችው ቀን

ክረምት ሲገባ ጭላሎ ፊቱን ይሸፍናል። በሰኔ ጉሙን እንደ ነጠላ ትከሻው ላይ ጣል ያደርገዋል፤ ሐምሌ ከጠባ ግን እስከ እግር ጥፍሩ ተከናንቦ ይተኛል። ያኔ አሰላ ከተማ ቆሞ ሽቅብ የሚያይ ሰው ተራራ መኖሩን የሚያውቀው በትዝታ ብቻ ነው። እዚያ ነጭ ነገር ውስጥ ሰው ይኖራል ቢሉት አያምንም።

ብርቄ ግን ትኖርበት ነበር። ከከተማው ሦስት ሰዓት ያህል ዳገቱን ወጥቶ፣ ትልቁ ኮሶ ዛፍ ጋ ወደ ግራ ታጥፎ፣ ጅረቷን በድንጋይ ላይ እየተራመደ የተሻገረ ሰው ጎጆዋን ያገኛል። ከጎጆዋ ጀርባ ጓሮዋ አለ፤ አምስት እርከን፣ አንዱ ካንዱ በታች፣ እንደ መሰላል። የላይኛው ነጭ ሽንኩርት፣ ቀጥሎ ጎመን፣ የታችኞቹ ሦስቱ ድንች ናቸው፤ ዳር ዳሩን ባቄላ ይዞራቸዋል። ድንጋዩን ከጅረቷ እየተሸከመ እርከኑን የካበው ባሏ ወልደ ጊዮርጊስ ነበር። ብርቄ የትኛው ድንጋይ መቼ እንደተቀመጠ ታውቃለች። ይኸኛው ልጃቸው አሰፋች የተወለደች ጊዜ፣ ያኛው ጣሊያን የወጣ ጊዜ፣ ያ ጠማማው ደግሞ ወገቡን ያመመው ጊዜ። ከሰው ጋር እንደምትኖር ከድንጋዮቹ ጋር ትኖራለች።

ወልደ ጊዮርጊስ ወሬ የማይወድ ሰው ነበር። ከሰው ይልቅ ከበሬው ጋር ያወራል እየተባለ ይታማል። አንድ ነገር ግን ሳያጓድል ይናገር ነበር። ጠዋት በሩን ከፍቶ ጉሙን ያይና፣ ወደ ውስጥ ሳይዞር፣ «ዛሬ ሰባት ነው፤ ሥላሴ» ይላል። ወይም፣ «ዛሬ ዐሥራ ሁለት፤ ሚካኤል። ዶማ አታንሺ» ይላል። ሃያ ሰባት ዓመት እንዲህ ሲነግራት ኖረ። ብርቄ አንድም ጊዜ ቀን ቆጥራ አታውቅም፤ የገዛ ትንፋሹን የሚቆጥር ማን አለ። በአርባ ስድስት ዓመተ ምሕረት ወልደ ጊዮርጊስ ሲሞት ግን ጠዋቱ ስም አጣ። በሩን ትከፍታለች፣ ጉሙ አለ፤ የመጣው ቀን ማን እንደሆነ ግን የሚነግራት የለም።

እርሷም መላ ፈጠረች። ሠላሳ ያልተከኩ አተሮች መርጣ፣ በሩ አጠገብ ባለው መደብ ላይ ሁለት ትንንሽ ቅሎች አስቀመጠች። ወር ሲገባ ሠላሳውም በቀኙ ቅል ይሆናሉ። ጠዋት ፊቷን ሳትታጠብ አንዷን አንስታ ወደ ግራው ትጥላለች፤ በግራው ያሉትን ትቆጥርና ድምፅዋን ወፈር አድርጋ፣ እንደ እሱ፣ «ዛሬ ሦስት ነው፤ በዓታ» ትላለች ለባዶው ቤት። በበጋ የቤተ ክርስቲያኑ ደወል ከሸንተረሩ ላይ ስለሚሰማ አተሩ ለወጉ ያህል ነው። በክረምት ግን ጉም ደወል ይውጣል። ጅረቷም ትሞላለች፤ በላይኛው ድልድይ መዞር ለዳሌዋ ሩቅ ነውና ከሰው ትለያታለች። ያኔ አተሩ ብቻ ነው ባሏ።

ይህ ሁሉ ለምን እንደሆነ ለማያውቅ ይነገር። በዚያ ደብር አንድ ሕግ አለ፤ አያቶቻቸው ከሸዋ ሲመጡ ከታቦቱ ጋር ተሸክመው ያመጡት ሕግ። በትልቅ በዓል ቀን መሬት የቆፈረ ሰው ኃጢአቱ በራሱ ጓሮ አይቀርም። በረዶ ይጠራል፤ በረዶውም ድንበር አያውቅም፤ የሁሉንም ማሳ ይመታል። ስለዚህ በዓል የሻረውን ሰው አገሩ ሁሉ ይቀጣዋል። ብርቄ ይህን ታምናለች። እንደ ማንኛውም ሰው፣ ምናልባትም ከማንኛውም ሰው በላይ።

በሃምሳ ሁለት ዓመተ ምሕረት፣ ሰኔ መግቢያ ላይ፣ አሰፋች ከአሰላ መጣች። ባሏ ግዛቸው ከጎንደር ተመድቦ የመጣ የመንግሥት ጸሐፊ ነው፤ ከተማ ውስጥ ቆርቆሮ ቤት ይኖራሉ። አሰፋች እናቷ ድንች ስትኮተኩት ቆማ አየቻትና፣ «እማዬ፣ ዳሌሽን አሞሽ እያነከስሽ ነው» አለች።

«የሚያመኝ ስቀመጥ ነው። ስቆፍር ይተወኛል።»

«እዚህ ብቻሽን ብትወድቂስ?»

«ከወደቅሁማ እዚያው ድንች እተክላለኋ። እንዲያውም ማጎንበስ ይቀርልኛል።»

አሰፋች ሳቅ አመለጣት። ሳቋን ስትጨርስ ግን ዓይኗ እንባ ይዞ ነበር። «ስድስት ዓመት ለመንኩሽ። እንግዲህ የመጨረሻዬ ነው። እስከ መስቀል እጠብቃለሁ። ጓሮሽ ከጸና፣ ጎረቤቱም እንደ አምናው ደቦ ከወጣልሽ፣ ሁለተኛ ውረጂ አልልሽም። ካልሆነ ግን ጎጆውን ዘግተሽ ትመጫለሽ።»

«በወልደ ጊዮርጊስ አፅም» አለች ብርቄ። በቀላሉ ማለች። ጓሮዋ ከድታት አታውቅም፤ ጎረቤትም እንዲሁ።

ሐምሌ ገባ። ሐምሌ አምስት ቀን ለጴጥሮስ ወጳውሎስ ቤተ ክርስቲያን ደርሳ ተመለሰች፤ ከዚያ ወዲህ ጅረቷ ሞላች፤ ጉሙም ተዘረጋ። የሰው ድምፅ ራቀ። ብርቄ ገሳዋን ደርባ ከእርከን እርከን ትወርዳለች፣ የድንቹን ሥር አፈር ታለብሳለች፣ ከጎመኑ ቅጠል ትል ትለቅማለች። ብቻዋን የሆነች ሰው ነችና ታንጎራጉራለች፦

ጭላሎ ደመና ለብሶ ቢያንቀላፋ፣
የኔም ቀን እንደሱ ካጠገቤ ጠፋ።

እንዲሁ ለዜማው ስትል ያለችው ነበር። ቃል ግን አንዳንድ ጊዜ ከሰው ቀድሞ ያውቃል።

አንድ ጠዋት በግራው ቅል ውስጥ ዐሥራ ሰባት አተር ቆጠረች። ወሩ የገባው ዓርብ ነውና እሁድ ነው ማለት ነው። ነጠላዋን አጣፍታ፣ ወደ ሸንተረሩ ዞራ ጸለየች፤ ሥራ ሳትነካ ተቀመጠች። ረፋዱ ላይ ከታች፣ ከጎረቤቷ ከይርሳው ቤት አቅጣጫ፣ የመጥረቢያ ድምፅ መጣ። ይርሳው የደቦው አለቃ ነው፤ በእሁድ እንጨት ሊፈልጥ አይችልም። «ሁሴኖ ይሆናል» አለች በልቧ። ሁሴኖ ከጅረቷ ማዶ ከብት የሚያረባ የአርሲ ሰው ነው፤ እስላም ነው፤ እሁድ ግድ አይሰጠውም። ጉም ደግሞ ድምፅን ከቦታው አንስቶ ሌላ ቦታ ያስቀምጣል። ስለ መጥረቢያው ያሰበችው ይህን ብቻ ነበር።

በማግሥቱ ዐሥራ ስምንት ቆጠረች። «ዛሬ ዐሥራ ስምንት ነው። ነገ ገብርኤል» አለች በወፍራሙ ድምፅ። የሐምሌ ገብርኤል ትልቅ በዓል ነው። ከበዓሉ በፊት የመጨረሻውን እርከን ኮትኩታ መጨረስ አለባት፤ ዝናቡ ከበረታ አፈሩ ተሸርሽሮ ድንቹ ይራቆታል። ዶማዋን አንስታ ወረደች። እንደዚያ ቀን ሠርታ አታውቅም፤ ዳሌዋም ተዋት። ለመልአኩ ስትል ነበር የቸኮለችው፤ በዓሉን እጇን አጥፋ እንድታከብር።

እኩለ ቀን ሲሆን ጉሙ ከወገቡ ተቀደደ። ከእርከኖቹ በላይ፣ ከድልድዩ የሚመጣው መንገድ ድንገት ታየ፤ መንገዱ ላይ ነጭ የለበሱ ሰዎች ቆመዋል፣ ሃያ ይሆናሉ። ፊት ለፊት ቄስ ገብረ መድህን ጥላ ይዘው፣ ከአጠገባቸው ይርሳው። ሁሉም ቁልቁል እሷን ያያሉ።

ብርቄ ዶማዋን ተደግፋ ቀና አለች። ነጭ ስታይ ልቧ ደነገጠ። «ማን ሞተ?» አለች።

ይርሳው ነው የመለሰው፤ ቀስ ብሎ፣ ሕፃን እንደሚያናግር። «እትዬ ብርቄ፣ ዛሬ ምንድን ነው?»

«ዋዜማ ነዋ። የገብርኤል ዋዜማ።»

«ዋዜማው ትናንት ነበር። እኛ ከቅዳሴ መመለሳችን ነው።»

ከእጇ ዶማው ወደቀ። አንዲት ሴት አማተበች። ቄስ ገብረ መድህን የሆነ ነገር ሊሉ አፋቸውን ሲከፍቱ ሰማዩ ቀደማቸው። መጀመሪያ ነፋስ መጣ፣ ከዚያ የተወረወረ ጠጠር የመሰለ ድምፅ ኮሶው ላይ፣ ከዚያ ሁሉም ቦታ። በረዶው የርግብ እንቁላል ያህል ነበር። ሰዎቹ ነጠላቸውን ራሳቸው ላይ አጥፈው ሮጡ። ብርቄ አልሮጠችም። ጎመኑ ሲበሳሳ፣ የድንቹ ግንድ ሲሰበር፣ የባቄላው አበባ ከጭቃ ጋር ሲላቆጥ ቆማ አየች። እጇን ዘርግታ አንድ ጎመን ላይ ጎንበስ አለች፤ አንዱን ብትከልል ሌላው ይመታል። መጨረሻ እጇን ሰበሰበችው።

በረዶው ሲያቆም ከእርከኖቹ በላይ ጎርፍ መጣ። ከጓሮዋ አናት ተነስቶ ውሃውን ወደ ገደሉ ይወስድ የነበረውን የወልደ ጊዮርጊስን ቦይ ናዳ ደፈነው። ውሃው መንገድ ሲያጣ ቁልቁል ወደ ድንቹ ፈሰሰ።

ቤቷ ገባች፤ ገሳዋን ሳታወልቅ ወደ ቅሎቹ ሄደች። በግራው ዐሥራ ስምንት። በቀኙ ዐሥራ አንድ። ደግማ ቆጠረች፤ ሦስተኛ ቆጠረች። ሃያ ዘጠኝ ናቸው። መደቡን ዳበሰች፣ ወለሉን ዳበሰች። ዝናብ የሸሸችው ዶሮዋ፣ ገብስማዋ፣ ከእግሯ ሥር ተነስታ መደቡ ላይ ዘለለች፤ አንገቷን አስግጋ የግራውን ቅል ከንፈር ጠቅ፣ ጠቅ አደረገች።

ብርቄ እዚያው ተቀመጠች። ዶሮዋን አላባረረቻትም። ትናንት የሰማችው መጥረቢያ ትዝ አላት፤ ይርሳው ነበር። ሰኞ ነበር።

በሚቀጥለው እሁድ ጅረቷን በሁሴኖ ዱላ ተደግፋ ተሻግራ ቤተ ክርስቲያን ሄደች። ከቅዳሴ በኋላ አጥሩ ሥር ተሰበሰቡ። በደቦው ውስጥ ያሉት አባወራዎች ሁሉ በረዶ መትቷቸዋል፤ የሁሉም ፊት አንድ ዓይነት ነው። ብርቄ ነገሩን ከመጀመሪያው ጀምራ ተናገረች፤ ስለ ሠላሳው አተር፣ ስለ ሁለቱ ቅሎች፣ ስለ ገብስማዋ።

ከወደ ኋላ አንዱ፣ «አንድ ቀን ብቻ ነው የበላችው? ይቺስ ጦመኛ ዶሮ ናት» አለ። ሳቅ ተነሳ። ብርቄም ፈገግ አለች፤ የሳቁ ሰዎች የሚምሩ መስሏት።

ይርሳው አልሳቀም። ዘጠኝ ልጆች አሉት፤ ገብሱ መሬት ላይ ተኝቷል። ለወትሮው የሰው ጭነት ሲያይ ሮጦ የሚያግዝ ሰው ነው። አሁን ግን ዱላውን መሬት ላይ እየጫረ፣ «ምስክርሽ ዶሮ ናት እንግዲህ» አለ።

ቄስ ገብረ መድህን አቋረጡት። «ሳታውቅ ነው የሠራችው። ስግደቷን እኔ እሰጣታለሁ፣ ከእግዜር ጋር ትጨርሳለች።»

«አባ፣ በረዶውስ ሳያውቅ ነው የወረደው?»

ቄሱም እንደ ሌላው ማሳ አላቸው። ስለዚህ የደብሩ ሕግ ተነገረ፤ እስከ መስቀል ደቦ አይወጣላትም፣ እሳት አይጫርላትም። ብርቄ አልተከራከረችም። ትክክል ነው ብላ ነበር የሰማችው። ሌላ ሰው ቢሆን እሷም እንዲሁ ትፈርድ ነበር፤ ከሁሉም የከበዳት ይኸው ነው። ወደ ቤት ስትወርድ የመንገዱን ጭቃ እያየች እንዲህ አለች፦

ሰው የተቆጣ እንደሁ ይታረቃል ማታ፣
ሰማይ ለተቆጣው የት አለ ይቅርታ።

የድንቹ ግንድ ቢሰበርም ከአፈር በታች ያለው ገና አልሞተም። ውሃው ከተነሳለት ይተርፋል። ነጭ ሽንኩርቱም እንዲሁ። የተደፈነው ቦይ ግን የስድስት ወንድ ሥራ ነው፤ ገደሉ ጋ የተናደው ድንጋይ በዶማ አይነሳም። ያለው መንገድ አንድ ብቻ ነው፤ አዲስ ቦይ በጓሮው ጎን ቁልቁል ቀድዶ፣ በይርሳው ማሳ ጠርዝ አሳልፎ ጅረቷ ውስጥ መክተት። ለደቦ የግማሽ ቀን ሥራ ነው። ለእሷ ግን ሦስት ቀን ቆፍራ የሄደችው የአንድ አልጋ ርዝመት ያህል ብቻ ነበር።

በአራተኛው ቀን ሁሴኖ መጣ። ረጅም፣ ቀጭን፣ ጢሙን በቁምነገር የሚያሻሽ ሰው ነው። ጓሮውን አየ፤ ውሃ ውስጥ የቆሙትን እርከኖች አየ።

«አዮ» አላት፤ እናት የሆነችን ሴት የሚጠሩት እንዲህ ነው፤ «ማል ጎና? ምን እናድርግ?»

«ምን ይደረጋል ሁሴኖ። ደቦ ተከልክያለሁ።»

«እኔ ደቦው ውስጥ የለሁበት። እኔን ማን ይከለክለኛል?» ጋቢውን አውልቆ ድንጋይ ላይ አስቀመጠ። «ደግሞ ይህ ቦታ የአባቴ ጥጆች ማሰሪያ ነበር። ጥጆቹ እንኳን ውሃ ውስጥ አይቆሙም ነበር።»

«ሃያ ዓመት ሙሉ ይህንኑ ትነግረኛለህ።»

«ሃያ ዓመት ሙሉ ድንች እየሰጠሽ ታስረሺኛለሽ» አለና መቆፈር ጀመረ።

ቀኑን ሙሉ ቆፈረ። ብርቄ ከኋላው አፈሩን በእጇ ታወጣለች። ከጉሙ ሥር፣ በዝናቡ መሃል፣ ቦዩ እንደ እባብ ቁልቁል ወረደ። ውሃውም ቀስ እያለ፣ እያመነታ ተከተለው። የላይኛው የድንች እርከን ወለል ሲታይ ብርቄ ልቧ እንደ ልጅ ዘለለ። መስቀል ታያት፤ አሰፋች መጥታ ድንቹን ስታይ፣ አፍዋን በነጠላዋ ስትሸፍን ታያት።

ድንበሩ ጋ ሲደርሱ ይርሳው ቆሞ አገኙት።

«እዚህ ይቁም» አለ።

ሁሴኖ ላቡን ጠረገ። «ጠርዝ ጠርዙን ነው የሚሄደው። ሃያ እርምጃ ብቻ። ጅረቷ ይቻት።»

«ሃያም ይሁን ሁለት። በዓል የሻረ ውሃ በኔ ማሳ አያልፍም።»

«ውሃ ምን ሃይማኖት አለው?»

«ውሃው የለውም። ማሳው ግን አለው» አለ ይርሳው። ድምፁ ውስጥ ቁጣ አልነበረም፤ ፍርሃት ነበር። «ሁሴኖ፣ አንተን አልጠላህም። እትዬ ብርቄንም አልጠላትም፤ አሰፋች ስትወለድ እናቴ ናት ያዋለደቻት። ግን የቀረችኝ ያቺ የታችኛዋ ገብስ ብቻ ናት። እሷ ከሄደች ዘጠኙን ምን ላብላቸው?»

ሁሴኖ ወደ ብርቄ ዞረ። እሷ አንድ ቃል ብትናገር ሊጣላላት ተዘጋጅቷል፤ ዶማውን የያዘበት እጅ ይናገራል። ብርቄ የይርሳውን ገብስ አየች። ግማሹ ተኝቷል፣ ግማሹ ደግሞ እንደ ተጨነቀ ሰው አንገቱን ደፍቶ ቆሟል። ውሃዋ ቢነካውና ዳግም በረዶ ቢወርድስ? እሷስ ብትሆን ያን እንዴት አድርጋ ትሸከማለች?

«ተወው ሁሴኖ» አለች። «እውነቱን ነው።»

ቦዩ እዚያ ቆመ። ውሃው እስከ ድንበሩ መጥቶ መውጫ ሲያጣ ወደ ኋላው ሞላ፤ ሌሊት በዘነበው ዝናብ መልሶ እርከኖቹ ላይ ተኛ።

ነሐሴን እንዴት እንዳለፈች ለራሷም አይታወቃት። ፍልሰታን ጾመች፤ ቄሱ የሰጧትን ስግደት ጨርሳ የራሷን ጨመረች። ከደጅዋ ተቀምጣ ጓሮዋን ታያለች። የድንቹ ቅጠል መጀመሪያ ጠቆረ፣ ከዚያ እንደ ተቀቀለ ነገር ረገበ። በነሐሴ መጨረሻ አንዱን ግንድ ነቀለች፤ እጇ ውስጥ የቀረው ሽታ ብቻ ነበር። ሌላ ነቀለች። ሦስተኛ አልነቀለችም። አተሮቹን ግን በየጠዋቱ ታነሳለች፤ ሃያ ዘጠኝ ናቸውና ለጎደለችው ትንሽ ጠጠር ጨምራለች። ቀኑን አሁን ሳትሳሳት ታውቀዋለች። የሚጠቅማት ነገር ግን አልነበረም።

መስቀል ካለፈ በሦስተኛው ቀን አሰፋች በቅሎ ይዛ መጣች። ጓሮውን አየች፣ እናቷን አየች፣ በቅሎዋን ደጅ አሰረች። ብርቄ የማለችውን አልረሳችም። ከላይኛው እርከን የተረፉትን ነጭ ሽንኩርቶች በነጠላዋ ጫፍ ቋጠረች። ሁለቱን ቅሎች መደቡ ላይ ተወቻቸው። ገብስማዋን ግን እግሯን አስራ አቀፈቻት።

«እሷን ለምን? ከተማ ዶሮ ሞልቷል» አለች አሰፋች።

«ምስክሬ ናት» አለች ብርቄ።

ሁሴኖ እስከ ኮሶው ድረስ ሸኛት። የበቅሎዋን ልጓም ይዞ ሲሄድ ቀልድ ጠፍቶበት ነበር። እሷ ናት የጀመረችው። «ጥጆችህን መልስ እንግዲህ። ድንጋዮቹን ግን እንዳያፈርሷቸው።»

«አያፈርሱም አዮ። አስራቸዋለሁ።»

ወደ ኋላ ዞራ አላየችም፤ ብታይም ጉም ነበር። በቅሎዋ ላይ ሆና ለራሷ ብቻ አለች፦

ቤቴን ትቼልሃለሁ ጉም ሆይ ተኛበት፣
ቀን ተሳስቼ ነው የወጣሁበት።

በግዛቸው ቤት ግድግዳ ላይ በየቀኑ የሚቀደድ ካላንደር ተሰቅሏል። ግዛቸው ጠዋት ከረባቱን እያሰረ አንድ ወረቀት ይቀድዳል፤ ቀድዶም ቁጥሩን ጮክ ብሎ ያነባል፤ የመሥሪያ ቤት ልማድ ነው። «ዛሬ ጥቅምት ሦስት» ይላል። ብርቄ ማንበብ አታውቅም። ወረቀቱ ሲቀደድ ግን ከተኛችበት ትሰማለች። ከስንት ዓመት በኋላ የቀኑን ስም የሚነግራት የወንድ ድምፅ አገኘች። ቀኑ ስም አለው እንግዲህ፣ በቀኑ የምትሠራው ግን የላትም። አሰፋች ምጣድ እንኳን አታስነካትም፤ «እረፊ እማዬ» ነው ቃሏ።

ጥቅምት ዐሥራ ዘጠኝ ወርኃዊው ገብርኤል ነው፤ በእሱም ዶማ አይነሳም። ብርቄ ቀኑን ከሩቅ ትጠብቀው ነበር፤ ቤተ ክርስቲያን ሄዳ ከመልአኩ ጋር ልትታረቅ። ትናንት ግዛቸው «ዐሥራ ስምንት» ማለቱን በጆሮዋ ሰምታለች። በማግሥቱ ቅዳሜ ጠዋት ነጠላዋን አጣፍታ ደጅ ስትወጣ ወረቀቱ ተቀደደ።

«ዛሬ ጥቅምት ሃያ» አለ ግዛቸው።

ብርቄ ደጃፉ ላይ ቆመች። «ሃያ ነው እንዴ የኔ ልጅ?»

«ሃያ ነው እማማ። ይኸውልዎ፣ ተጽፏል።»

ትናንት ዐሥራ ስምንት ነበር ልትል ፈለገች። ቃሉ እስከ ጥርሷ መጣ። ግን እሷ ማን ናት፤ ቀኗን ዶሮ የበላባት ሴት አይደለችም? ደግሞ አንድ ቀን ከእጄ ሾለከ አለች። ገብርኤል አለፈኝ። ነጠላዋን ፈታች። ካለፈማ ዛሬ ምንም አይደለም፤ ተራ ቀን ነው። ከግቢው አጥር ሥር ከመደብ የማትሰፋ ባዶ መሬት ነበረች። ከግዛቸው ዕቃዎች መሃል አካፋ ፈልጋ አፈሩን ገለበጠች፤ ያመጣችውን ነጭ ሽንኩርት ፈልፍላ አንድ በአንድ መትከል ጀመረች። ዳሌዋ ተዋት። ገብስማዋ አጠገቧ ሆና ትል ትለቅማለች። ከሐምሌ ወዲህ ደስ ሲላት ይህ የመጀመሪያዋ ነበር።

ቅዳሜ መሥሪያ ቤት ለግማሽ ቀን ነው፤ ግዛቸው ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ እየሳቀ ገባ። አሰፋች ከማድ ቤት ወጣች።

«ምን ተገኘ?»

«ጉድ ነው የሠራሁት። ሁለት ወረቀት ተጣብቆ ቀድጄ፣ ዛሬን ሃያ ብዬ ዋልኩ። ዐሥራ አራት ደብዳቤ ላይ ጻፍኩት። ቁጥሩን ብቻ አይቼ፣ ከሥሩ እሁድ የሚለውን ሳላይ።»

«አለቃህ ምን አለ?»

«ሆዱን ይዞ ሳቀ። ‹ግዛቸው፣ እድሜያችንን አታስቸኩል› አለኝ። በላጲስ አጥፍተን ዐሥራ ዘጠኝ አደረግነው፣ አለቀ።»

አሰፋችም ሳቀች። ሳቃቸው ከበረንዳው ወርዶ ግቢውን ሞላው።

ብርቄ አፈሩ ላይ ተንበርክካ ነበር። እጇ እስከ አንጓው አፈር ውስጥ ነው። ቀስ ብላ አወጣችው። ከዚያ ቀና ብላ ሰማዩን አየች።

ጥቅምት ነውና ጭላሎ ተገልጧል። አንድ ቁራጭ ደመና የለበትም፤ ሸንተረሩ፣ ገደሉ፣ ሁሉም ጥርት ብሎ ይታያል። የሷ ጓሮ ያለበት ቦታ ከዚህ ሲታይ የጥፍር ያህል አረንጓዴ ነው። ጆሮዋን አቅንታ ጠበቀች። ነፋስ የለም። ቆርቆሮው ላይ አንድም ነገር አይወድቅም። ሰማዩ እንደ ተልባ አበባ ሰማያዊ ሆኖ፣ ምንም ሳይላት፣ ዝም ብሎ ያያታል።

«እማዬ፣ ምን ታያለሽ? ምሳ ቀርቧል» አለች አሰፋች ከበረንዳው።

«መጣሁ» አለች ብርቄ።

አልተነሳችም። በግራ እጇ ያልተተከሉ ሦስት ፍሬዎች ቀርተዋል። ልትተክላቸው አልደፈረችም፤ የተከለችውንም ልትነቅል አልደፈረችም። ገብስማዋ መጥታ መዳፏን ጠቅ፣ ጠቅ አደረገች። ብርቄ ግን ዓይኗን ከሰማዩ ሳትነቅል በረዶውን መጠበቋን ቀጠለች።